ማርኩ ምን ላይ ይቀመጥ? ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ታሪክ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አራት ክፍል አለኝ፤ በእያንዳንዱ 60 ያህል ተማሪ አለ። ባለፈው ሴሚስተር ለደብተር 10፣ ለተሳትፎ 10፣ ለቡድን ሥራ 20፣ ለቴስት 20፣ ለፋይናል 40 ማርክ መድቤ ነበር። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም አለፉ፤ ፋይናሉን ለብቻው ስመለከተው ግን ግማሾቹ ከ40 ውስጥ 20 እንኳን አላገኙም። ወላጆች ደግሞ «ልጄ 90 የሚያመጣ ነበር፣ እንዴት 78 ሆነ?» እያሉ ይመጣሉ። በዚህኛው ሴሚስተር የማርክ አሰጣጥ መመሪያ ጽፌ መጀመሪያውኑ ለተማሪዎቼ መስጠት እፈልጋለሁ። ምን ልጻፍበት? አዘግይቶ የሚያስረክበውን፣ የሚኮርጀውን፣ የቤት ሥራውን ከስልክ የሚገለብጠውንስ ምን ላድርገው?

ምላሽ፦ መምህርት፣ ችግሩን ራስዎ በቁጥር አስቀምጠውታል። ከ100ው ማርክ 40ው ታሪክ ሳይታወቅ የሚገኝ ነው። ደብተር ከጎረቤት ይገለበጣል፤ ተሳትፎ እጅ በማውጣት ይገኛል፤ የቡድን ሥራውን አንድ ጎበዝ ይሠራውና ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ተማሪ ሞኝ አይደለም። ማርኩ የት እንዳለ አይቶ ጉልበቱን እዚያ ያውላል። «ታሪክ ሽምደዳ አይደለም» ብለው ዓመቱን ሙሉ ቢናገሩ እንኳን፣ ልጆቹ የሚያምኑት የማርክ ክፍፍሉን ነው። ስለዚህ የመመሪያዎ መሠረት አንድ ይሁን፦ ማርክ የሚሰጠው ተማሪው ታሪክ ለመቻሉ ማስረጃ ለሚሆን ሥራ ብቻ ነው። ጸባዩ፣ ትጋቱ፣ የእጅ ጽሑፉ ውበት ሌላ ቦታ ይመዝገብ፤ ካርዱ ላይ ለጠባይ የተተወ ቦታ አለ፣ ለወላጅ የሚነገርም ቃል አለ።

ከደብተሩ እንጀምር። ደብተር ማረም በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ዲፓርትመንቱም ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ርዕሱ በቀይ፣ ሐተታው በሰማያዊ፣ ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ማየት እኔንም ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ያ ውበት ልጁ የጻፈውን ስለመረዳቱ የሚነግረኝ ነገር የለም። ዲፓርትመንቱ ለደብተር ማርክ ይኑር ካለ አይጣሉ፤ መልኩን ይለውጡት። የራስን ደብተር ከፍቶ የሚሠራ አጭር ፈተና ይስጡ። የሰሌዳውን ብቻ የገለበጠ ልጅ መልሱን ፍለጋ ገጽ ሲያገላብጥ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ በራሱ ቃል ያሳጠረውና ጥያቄ ምልክት ያደረገበት ልጅ ቶሎ ያገኘዋል። አሥሩ ማርክ ያው አሥር ነው፤ የሚለካው ግን ሌላ ሆነ።

ተሳትፎን በተመለከተ ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም። አርባ ደቂቃ ለስድሳ ተማሪ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው አርባ ሰከንድ ነው፤ ያውም እርስዎ አንድ ቃል ሳይናገሩ። ማርኩን የሚወስዱት ፊት የተቀመጡትና በእንግሊዝኛ ለመናገር የማያፍሩት ናቸው። ይሰርዙት። በክፍል ውስጥ መጠየቅና መመለስ ይቀጥል፤ ማርክ ባይኖረው የበለጠ ነጻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጽሑፍ መልስ ልምጣ። አንድ ጥያቄ እንውሰድ፦ «የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1966 ዓ.ም. ለምን ተናጋ?» አሥር ማርክ። ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣልዎታል። ሁለቱንም እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ግን ታሪክ ያስተማረ ሁሉ ወዲያው ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው ልጅ እንዲህ ይጽፋል፦ «ምክንያቶቹ 1. የወሎ ረሃብ፣ 2. የነዳጅ ዋጋ መናር፣ 3. የመሬት ጥያቄ፣ 4. የወታደሩ ኑሮ መክፋት፣ 5. የተማሪዎች እንቅስቃሴ ናቸው።» አምስቱም ትክክል ናቸው። ሁለተኛዋ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «በጥር ወር ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አመጹ። መንግሥት ስላልቀጣቸው ሌሎች የጦር ክፍሎችም ደፈሩ። በየካቲት ነዳጅ ሲወደድ የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ መምህራንም አዲሱን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሆነ መንግሥት አንዱን ሲያባብል ሌላው ተነሣ።» የወሎን ረሃብ ረስታዋለች። የመሬቱንም ጉዳይ አላነሣችም።

በተለመደው አሰራር፣ ለአንድ ምክንያት ሁለት ማርክ ከተባለ፣ የመጀመሪያው ልጅ 10 ከ10 ያገኛል። ሁለተኛዋ ሦስት ምክንያት ተቆጥሮላት 6 ታገኛለች። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ ዝርዝር ሸምድዷል፤ ዝርዝሩን ገለባብጠን አምስተኛውን አንደኛ ብናደርገው የሚለወጥ ነገር የለም፤ ይህም ግንኙነታቸውን እንደማያውቀው ያሳያል። ልጅቷ ግን አንዱ ክስተት ሌላውን እንዴት እንደወለደ ታያለች። የኔ ማረሚያ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ትክክለኛ መረጃ፣ ማለትም ማን፣ መቼ፣ የት፦ 3 ማርክ። አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንዳመራ ማሳየት፦ 4 ማርክ። የትኛው ይበልጥ ከበደ፣ ለምን የሚል የራስ ፍርድ፦ 3 ማርክ። በዚህ ልጁ 3 ያገኛል፤ ልጅቷ 2፣ 4 እና 1፣ በድምሩ 7። ወረቀቷ ላይም አንድ መስመር ይጻፉላት፦ «ረሃቡስ? እነዚህ ሁሉ ከመነሣታቸው በፊት የመንግሥትን ስም ያጎደፈው እሱ አይደለም?»

(መንገዴን ልሳትና፣ ይህን ርዕስ ሲያስተምሩ የመምህራኑን አድማ ቶሎ አይለፉት። «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ የሚታወቀው ዕቅድ ብዙኃኑን ልጅ በመሠረታዊ ትምህርት ላይ ሊያስቀረው ነው ተብሎ ነበር የተፈራው፤ መምህራኑ ደግሞ የደመወዝም ቅሬታ ነበራቸው። ተማሪዎችዎ የትምህርት ፖሊሲ ራሱ ታሪክ እንደሚሠራ ሲያዩ ጆሯቸው ይቀሰራል።)

ይህን የሦስት መስመር ማረሚያ ከፈተናው በኋላ እንዳይገልጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ከመመሪያው ጋር ይስጧቸው፤ ሁለቱን መልሶች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ራሳቸው እንዲያርሙ ያድርጉ። አብዛኞቹ ለመጀመሪያው ልጅ 10 ይሰጡታል። እዚያ ላይ የሚነሣው ክርክር የመመሪያዎ እውነተኛ ማብራሪያ ነው፤ ወረቀቱን ከማንበብ ይበልጣል።

የቋንቋው ጉዳይ በመመሪያው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ካልተጠነቀቅን የታሪክ ማርክ ተብሎ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው የእንግሊዝኛ ማርክ ይሆናል። ያቺ ልጅ መልሷን የጻፈችው ግሡ ጊዜውን በሳተ፣ መስተዋድዱ በወደቀ እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ እስከገባዎት ድረስ አይቀንሱባት። «ለሰዋስው ስሕተት ማርክ አይቀነስም፤ ሐሳቡ ካልተረዳ ግን ማርክ የለውም» ብለው ይጻፉ። ከጥያቄው አጠገብ ባለው ኅዳግ ላይ ዕቅዳቸውን በአማርኛ እንዲያሰፍሩም ይፍቀዱ። «በዚህ ምክንያት»፣ «ይህም ወደዚህ አመራ»፣ «ከሁሉ በላይ» የሚሉትን ማያያዣዎች በእንግሊዝኛ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በፈተና ቀንም አያንሡት። አጤሬራ አይሆንም ወይ ለሚሉ ባልደረቦች፣ ማያያዣ ብቻውን ማንንም ታሪክ አዋቂ እንደማያደርግ ይንገሯቸው።

«ይህን ሁሉ ማን ያርማል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አራት ክፍል በስድሳ 240 ወረቀት ነው። ለአንዱ አራት ደቂቃ ቢወስድ 960 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት። በየሳምንቱ ከሞከሩት በሁለተኛው ወር ይታክትዎታል፤ ሳይነበብ ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ደግሞ ከደብተር ማርክ አይሻልም። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ብቻ ያጽፉ፤ ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ ይገድቡ፤ አራቱን ክፍሎች በተለያየ ሳምንት ያድርጓቸው። ያን ጊዜ በአንድ ሳምንት የሚደርስብዎት አራት ሰዓት ነው። ጥያቄውን ለየክፍሉ መለወጥዎን ግን አይርሱ፤ የሰኞው ክፍል ጥያቄ እስከ ምሳ ሰዓት ቴሌግራም ላይ ይደርሳል።

ክፍፍሉን በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ሦስት አጫጭር ቴስቶች በ10 በ10፣ ሁለት የጽሑፍ መልሶች በ15 በ15፣ ፋይናል 40። ከቴስቶቹ አንዱ ቀደም ያልኩት ደብተር ተከፍቶ የሚሠራው ይሁን። ትምህርት ቤትዎ የተከታታይ ምዘናውን ድርሻ በሌላ መጠን ወስኖት ከሆነ ቁጥሩን በዚያ ልክ ያስተካክሉ፤ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ማርክ ልጁ ራሱ፣ በክፍል ውስጥ፣ በእጁ በሠራው ሥራ ላይ መቀመጡ ነው። ጽሑፉን አሥር ማርክ ከማድረግ 15 ማድረግ ካስፈለገ የሦስቱ መስመሮች ድርሻ 4፣ 6፣ 5 ይሁን።

የቡድን ሥራ ይኑር ከተባለ፣ ቡድኑ መረጃ ይሰብስብ፣ ይወያይ፣ ይከራከር፤ ማርኩ የሚያዘው ግን እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ በሚጽፈው አንድ አንቀጽ ላይ ነው። የቤት ሥራም እንደዚሁ። ከስልክ የተገለበጠ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ማሽን የጻፈው እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ሲመጣልዎ መርማሪ ፖሊስ አይሁኑ። የቤት ሥራ ማርክ የሌለው ዝግጅት ነው ብለው ያውጁ፤ በማግሥቱ ተማሪዎቹ ከእሱ የወጣ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ይመልሱ። የገለበጠው ልጅ የገለበጠውን ቢያነበው እንኳን አንድ ነገር አተረፈ።

አዘግይቶ ማስረከብ ላይ ብዙ መምህር «አንድ ቀን ካለፈ ዜሮ» ይላል። ዜሮ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ይዩት። አንድ ልጅ 80፣ 75፣ 85 አምጥቶ አንዱን ሳያስረክብ ቢቀር አማካዩ 60 ይሆናል። በሁሉም 60 እያመጣ የኖረው ልጅም 60 ነው። ሁለቱ ካርድ ላይ እኩል ሆኑ፤ የመጀመሪያው ግን ታሪክ ያውቃል። ያጎደለው የጊዜ አጠባበቅ ነው። ስለዚህ በቀኑ ያልጻፈ ተማሪ ዘግይቶ በክፍል የሚጽፈውን መልስ የታረሙት ወረቀቶች እስኪመለሱ ድረስ ይቀበሉ፤ ከማርኩ ከአሥር አንድ ይቀንሱ እንጂ ከዚያ በላይ አይቀንሱ። ወረቀቶቹ ከተመለሱ በኋላ የመጣ ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል። ያልጻፈ ግን አይታለፍም፤ ትምህርት ካበቃ በኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ከዜሮ ይልቅ ተማሪ የሚጠላው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢዎን ሁኔታ ማሰብ አለብዎት። ከፒያሳና ከአካባቢው ተነሥተው ከተማው ዳር ወዳሉ ሰፈሮች የሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከለመዱት ትምህርት ቤት አላወጡም። በማለዳ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ሰልፍ ቆሞ የሚመጣ ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያረፍድ ስንፍና አይደለም። ቴስት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ላይ አይስጡ፤ ያን ካደረጉ የሚመዝኑት የታክሲውን ሰልፍ ነው።

ኩረጃ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ የሚለውን ያድርጉ፣ ወረቀቱን ይያዙ፣ ለክፍል ኃላፊውና ለዩኒት መሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። «ለዛሬ ምሬሃለሁ» ማለት በጎኑ ላልኮረጀው ልጅ ግፍ ነው። ነገር ግን ኩረጃን ከሥሩ የሚያደርቀው የጥያቄው ዓይነት ነው። «አዛምድ» የሚል ጥያቄ በዓይን ጥቅሻ ይኮረጃል፤ «ለምን» የሚል ጥያቄ ግማሽ ገጽ መልስ በጥቅሻ አይተላለፍም።

ሌላው መመሪያው ላይ በደማቁ መጻፍ ያለበት፣ ማርክ ለአቋም እንደማይሰጥ ነው። ክፍልዎ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ አለ፤ አንዱ ንጉሥ ለአንዱ ጀግና፣ ለሌላው ሌላ ነው። ልጆቹ «መምህሯ የምትወደውን ከጻፍኩ ማርክ አገኛለሁ» ብለው ካሰቡ ነገሩ አብቅቷል። ማስረጃ ያቀረበ ሁሉ ማርክ ያገኛል፤ ያላቀረበ፣ እርስዎ የሚስማሙበትን ቢጽፍም አያገኝም።

ለዚህ ልምምድ የሚሆን ቦታ ከደጃፍዎ ነው። ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ መግቢያ ክፍያ የለውም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው አጠገብ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሥዕሎች ቀና ብለው ይዩ፤ ማን እየገደለ፣ ማን እየሞተ፣ ማን እያለቀሰ እንደሆነ በደብተራቸው ያስፍሩ። ከዚያ ይህን ጥያቄ ይስጧቸው፦ «ከቦምቡ በኋላ በተካሄደው የሦስት ቀናት ጭፍጨፋ ስንት ሰው ተገደለ?» የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጣ ሰፊ ጥናት ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። በጊዜው ከጣሊያን ወገን የተነገረው ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው። «30 ሺህ» ብሎ ብቻ የጻፈ 1 ማርክ ይያዝለት፤ «19 ሺህ» ብሎ ብቻ የጻፈም ያው 1። ማን ቆጠረ፣ በምን ቆጠረ፣ ቁጥሩን ማሳነስ ወይም ማብዛት ለማን ይጠቅም ነበር ብሎ የጠየቀ ሙሉውን ይውሰድ። የልጁ አያት በዚያ ቀን ሰው አጥተው ከሆነና ያንን ከጻፈ፣ ያም ማስረጃ ነው፤ ከማን እንደሰማው ይጥቀስ።

በነገራችን ላይ፣ ጉብኝት ላይ ስለተገኘ ብቻ ማርክ የሚጨምሩ ባልደረቦች አሉ። ፒያሳ የሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተከፈተ ወዲህ ሙዚየም ሄዶ ፎቶ ያመጣ 5 ማርክ ያገኛል የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ፎቶው የሚያስረዳው ልጁ የመግቢያ ገንዘብ እንደነበረው ብቻ ነው።

«አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ ነው፤ ጽሑፍ ለምን ታስለፋቸዋለሽ?» የሚል ወላጅም ባልደረባም ይመጣል። ይህን ይመልሱ፦ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትም ቢሆኑ እዚያ የደረሱት ከክፍል ወደ ክፍል እያለፉ ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ በ8ኛና በ12ኛ መካከል ልጁ የት እንዳለ የሚናገረው የእርስዎና የባልደረቦችዎ ካርድ ብቻ ነው። ልጆቹ ለ11ኛ ክፍል ማኅበራዊ ወይም ተፈጥሮ ሳይንስ የሚመርጡትም ይህንኑ ካርድ አይተው ነው። ያልቻለውን 85 ብለን ስንሰጠው ምርጫውን በሐሰተኛ መረጃ እንዲያደርግ እያደረግነው ነው። ምርጫም ቢሆን ደህና የሆነው ጥያቄ «ከእነዚህ የትኛው ቀደመ፣ የትኛው አስከተለ» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ምክንያትና ውጤት መጻፍ የለመደ ልጅ አይቸገርበትም።

ያ ባለ 90 ልጅ 78 ሲያመጣ ወላጁ ይቆጣል። ተገቢ ነው። ሲመጡ ስለ ልጁ ትጋት አይከራከሩ፤ ወረቀቱን ያውጡና የሦስቱን መስመር ማርክ ያሳዩ። «መረጃው ላይ ሙሉ አለው፤ ማያያዙ ላይ ከ6 ውስጥ 2 ነው፤ በሚቀጥለው ይህን ያሻሽል» ሲሉ ወላጁ ቤት ይዞት የሚሄደው ነገር ያገኛል። «ትንሽ ይጨምሩለት» ለሚለው መልሱ አንድ ነው፤ መመሪያው ላይ ለሁሉም ያልተጻፈ ማርክ ለአንዱ አይሰጥም። ልመናው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ሲመጣ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። መመሪያውን አስቀድመው በዲፓርትመንት ኃላፊው ያስፈርሙ፤ ያን ጊዜ እምቢ የሚለው ወረቀቱ እንጂ እርስዎ አይሆኑም።

መመሪያው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በአማርኛ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ወላጅም ያነበዋል፤ ወላጅ ፈርሞበት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይለጠፍ። የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ቅሬታ ይሁን። የታረመ ወረቀት በተመለሰ በሦስት የትምህርት ቀናት ውስጥ ማንኛውም ተማሪ «ይህ ማርክ ለምን?» ብሎ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነና ምክንያቱን ይጽፋል፤ እርስዎም በጽሑፍ ይመልሳሉ። አዲስ ማስረጃ ካሳየ ማርኩ ከፍ ይላል፤ እንደገና ሲታይ ዝቅ ሊል እንደማይችል ያረጋግጡላቸው፣ አለበለዚያ ማንም አይጠይቅም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተሩን ከማስረከብዎ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ድምር አይቶ ይፈርም። ሮስተሩ ከገባ በኋላ የሚታረመው የድምር ስሕተት ብቻ ነው።